ከፈረሱ ኮቴ ሥር

ወር በገባ በ23 ጠዋት ከቃሊቲ ተነስቶ ወደ ፒያሳ የሚወጣው ባቡር ነጠላ ይበዛበታል። ጊዮርጊስ ነው። አሮጊቶች ከሌላው ቀን ይልቅ የሚበዙበት፣ ወጣቱም ሳይጠየቅ ወንበር የሚለቅበት ቀን ነው። ወደ መጨረሻው ፌርማታ ሲቃረብ ባቡሩ ከፀሐይ ወጥቶ መሬት ውስጥ ይገባል። መስኮቱ ድንገት መስታወት ይሆንና ተሳፋሪው የገዛ ፊቱን ያያል። ከዚያ የጣቢያው መብራት ይመጣል፣ በሩ ይከፈታል፣ ሰው ሁሉ ወደ ደረጃው ይተማል።

ከእነዚህ መካከል አንዲት እናት አሉ። ስልሳዎቹን አጋምሰዋል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። በአንድ እጃቸው የደረጃውን ድጋፍ፣ በሌላው ጥቁር የፕላስቲክ ቦርሳ ይይዛሉ። በቦርሳው ውስጥ ጧፍ፣ የተጠቀለለ ዳቦና አንድ ጠርዙ ያለቀ ደብተር አለ።

«እማማ፣ ልያዝልዎት?» ይላቸዋል ከኋላቸው የሚወጣ ወጣት።

«ተባረክ ልጄ። ቦርሳውን ተወው፤ ክንዴን ያዘኝ።»

ቦርሳውን አይሰጡም። ደብተሩ የእድር ነው።

ከደረጃው በላይ ፒያሳ ነው። የምኒልክ ሐውልት፣ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን፣ ማዘጋጃ ቤቱ። እኚህ እናት በሙሽርነት ከገቡበት ቀን ጀምሮ አርባ ዓመት ያህል የኖሩት ከዚህ ቦታ በእግር በሚደረስ ርቀት፣ ዶሮ ማነቂያ ነበር። ዛሬ ሰፈሩ የለም። እሳቸው የሚኖሩት ከቃሊቲ ጣቢያ ሌላ ታክሲ በሚያስይዝ ሩቅ መንደር ነው። ወደ ቀድሞ ሰፈራቸው የቀረላቸው በር ይሄ ከመሬት በታች ያለ ጣቢያ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ በር ነው፤ ማን እንደሠራው፣ ምን እንደተከፈለበት፣ ዛሬስ ክፍት ሆኖ የሚቆየው በማን እንደሆነ።

*

ባቡርና ምኒልክ ትውውቃቸው የቆየ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ የመሥራት ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም ነበር። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በረሃውን አቋርጦ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ ገንዘብ አለቀ፣ ኩባንያው ተናጋ፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ሽኩቻ ገባበት፤ ሥራው ዓመታት ቆመ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው። ምኒልክ ያረፉት በታኅሣሥ 1906 ነበር። ባቡር ወደ ከተማቸው ሲገባ አላዩም።

ያም ባቡር ቢሆን ፒያሳ አልደረሰም። ለገሃር ላይ ቆመ። ከለገሃር ወደ ላይ ያለውን ዳገት ሰው በእግሩ፣ በጋሪና በበቅሎ፣ በኋላም በአውቶቡስና በታክሲ ይወጣው ነበር። ከታች የባቡር ጣቢያው፣ ከላይ የንጉሡ ሐውልት፣ በመካከላቸው ዳገቱ፤ አዲስ አበባ እንዲህ ሆና መቶ ዓመት ገደማ ኖረች።

ዳገቱን የወጣው ሌላ ባቡር ነው። በ2004 ዓ.ም የቀላል ባቡሩ ግንባታ ተጀመረ። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ 85 በመቶው ከቻይና ኤክስፖርት ኢምፖርት ባንክ የተገኘ ብድር ነው። የሠራውም የቻይና ኩባንያ ነው። ሁለት መስመር፣ 39 ጣቢያ። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚዘረጋው መስመር ራሱ ምኒልክ አደባባይ፣ እግሩ ቃሊቲ ሆነ። ቀጥ ብሎ በቸርችል ጎዳና አልወጣም፤ በልደታ፣ በአብነት፣ በአውቶቡስ ተራና በአትክልት ተራ ዞሮ መጣ። መጨረሻው ላይ ግን ችግር ጠበቀው። እዚያ ያለው መሬት ባዶ መሬት አይደለም።

*

ከአትክልት ተራ ወደ ምኒልክ አደባባይ በሚወስደው መንገድ ላይ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ቆሟል። ጳጳሱ ሕዝቡ ለፋሺስት እንዳይገዛ ገዝተው፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም በጥይት ተደብድበው የሞቱ ሰማዕት ናቸው። ባቡሩ በዚያ በኩል መሬት ውስጥ እንዲያልፍ ሲወሰን ሐውልቱ መነሳት ነበረበት።

በሚያዝያ 2005 ዓ.ም ተነሳ። በዚያ ቀን ፒያሳ የነበረ ሰው አይረሳውም። ሐውልቱ በገመድ ታስሮ በክሬን ሲነሳ ያለቀሱ ነበሩ። «አቡኑን ሁለተኛ ጊዜ አሠሯቸው» ያሉም ነበሩ። ሐውልቱ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ተወስዶ እንዲቀመጥ ተደረገ፤ ይመለሳል ተባለ። ሰው አላመነም። አለማመኑ አይገርምም፤ በዚህ አገር «ለጊዜው» ተብሎ ከተነሳ ነገር ስንቱ ተመልሷል?

ወሬው በዚያ አላበቃም። «ቀጥሎ ደግሞ ምኒልክን ሊያነሱ ነው» ተባለ። ወሬው ሰው ልብ ውስጥ በቀላሉ የገባበት ምክንያት ነበረው፤ ያ ሐውልት ከዚህ በፊት አንዴ ተነስቷል። በ1923 ዓ.ም ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ጋር ተያይዞ የቆመውን ሐውልት ጣሊያኖች ከተማዋን እንደያዙ አንስተው ቀብረውታል። የዐድዋን ድል የሚያስታውስ ፈረሰኛ አደባባይ ላይ እንዲቆም አልፈለጉም። ከነፃነት በኋላ ሐውልቱ ከተቀበረበት ወጥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ስለዚህ ለፒያሳ ሰው በዚያ አካባቢ መሬት መቆፈር ተራ የግንባታ ሥራ አልነበረም። ከዚያ መሬት ሥር ምን እንደሚገባና ምን እንደሚወጣ ያውቃል።

በመጨረሻ የምኒልክ ሐውልት ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ባቡሩ በታች መጣ። አቡኑም ተመለሱ፤ በጥር 2008 ዓ.ም ሐውልቱ በቦታው ቆመ። ይህ መመስገን ያለበት ነው። ቃል ተገብቶ ቃል ተጠብቋል። በከተማው ውስጥ ሐዲዱ በመሬት ላይ በተዘረጋበት ሁሉ ሰፈሩን በአጥር ለሁለት ከፍሎታል፤ ጎረቤት ወደ ጎረቤት ለመሻገር ረጅም መንገድ ይዞራል። እዚህ ግን ከላይ ያለው እንዳለ እንዲቆይ ተብሎ ከታች ተለፋ። ለሐውልትና ለቤተ ክርስቲያን ሲባል ብዙ ገንዘብ ፈሰሰ፣ ብዙ ወራት ተጠበቀ።

ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከተማው ሲፈልግ ከላይ ያለውን ሳያጠፋ ከታች መሥራት እንደሚችል ያን ጊዜ አሳይቷል።

*

የመጀመሪያው ባቡር ሰው የጫነው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም ነው። አዲሱ ዓመት ከገባ ሁለተኛ ሳምንቱ ነበር። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ከተሞች ውስጥ እንዲህ ያለ ዘመናዊ የከተማ ባቡር ብርቅ ስለነበር የውጭ ጋዜጠኞች ጎረፉ። የከተማው ሰው ግን ስለ አፍሪካ ሳይሆን ስለ ዋጋው አወራ። 2 ብር፣ 4 ብር፣ 6 ብር። እንደ ርቀቱ። ከቃሊቲ ፒያሳ በ6 ብር!

መጀመሪያ ላይ ለሽርሽር የተሳፈረ ብዙ ነው። አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ከጫፍ ጫፍ ሄደው ሳይወርዱ ተመለሱ። በሩ በራሱ ሲከፈት ያጨበጨበ አለ። ቀጥሎ ሥራ ጀመረ። ቀን ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ዳቦ ቤት የምትሠራዋ፣ ጥበቃው፣ የመርካቶ ተሸካሚው ያዘው። መኪና ያለው ሰው ሐዲዱ መንገድ ዘጋብኝ ብሎ ያማዋል፤ መኪና የሌለው ይሳፈርበታል። ግፊያው፣ ኪስ አውላቂው፣ በሩ ላይ «ግቡ ወደ ውስጥ! መሐሉ ባዶ ነው!» የሚለው ጩኸት፣ ሁሉም የባቡሩ ወግ ሆነ። መሐሉ ግን ባዶ ሆኖ አያውቅም።

ፌርማታዎቹን በስማቸው የሚጠራ ሰው የከተማዋን ታሪክ ይቆጥራል። ላንቻ የጣሊያን መኪና ስም ነው። ዳርማር የጫማ ፋብሪካ ነው። ጠመንጃ ያዥ፣ ተግባረ እድ፣ ጎጃም በረንዳ፤ እያንዳንዱ ስም አንድ ዘመን፣ አንድ ሙያ፣ አንድ አገር ቤት የመጣ ሰው አለበት። ስሙ መሿለኪያ የተባለው ሌላ ፌርማታ ነው፤ ባቡሩ መሬት ውስጥ የሚሿለከው ግን ፒያሳ ላይ ነው።

ከእነዚህ ስሞች መካከል አንዳንዶቹ ባለቤታቸው ሄዷል። አትክልት ተራ ላይ አትክልት የለም። በ2012 ዓ.ም ኮሮና ሲገባ ገበያው ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። ድንችና ሽንኩርቱ፣ ደላላውና ተሸካሚው፣ የበሰበሰው ጎመን ሽታ ሳይቀር ሄደ። ፌርማታው ግን አሁንም አትክልት ተራ ይባላል። ወጣት ተሳፋሪ «ለምን አትክልት ተራ ተባለ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱን የሚያውቀው አጠገቡ የቆመ ሽማግሌ ብቻ ነው።

*

በ2016 ዓ.ም ተራው የፒያሳ ሆነ። በየካቲት የዐድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ተመረቀ። ብዙም ሳይቆይ የኮሪደር ልማቱ ተጀመረ። ግሬደሩ ገባ። ዶሮ ማነቂያና በዙሪያው ያሉ የቆዩ መንደሮች በሳምንታት ውስጥ ሜዳ ሆኑ።

በዚህ ላይ እውነቱን ሁሉ መናገር ተገቢ ነው። እኚህ እናት የኖሩባት የቀበሌ ቤት ጣሪያዋ ያፈስ ነበር። መጸዳጃ ቤቱን ከሌሎች ብዙ አባወራዎች ጋር ይጋሩታል። ክረምት ሲገባ ውሃው ከደጃፍ አልፎ አልጋ ሥር ይደርሳል። አዲሱ ቤታቸው ግድግዳው ደረቅ ነው፣ መጸዳጃው የግል ነው፣ ልጃቸውም «እንኳን ወጣን» ብሏል። መንገዱም ሰፍቷል፣ ማታ መብራት አለ፣ የእግረኛው መንገድ ያምራል። ይህን የሚክድ ሰው ዶሮ ማነቂያ ኖሮ አያውቅም።

ነገር ግን ቤት ብቻውን ኑሮ አይደለም። ኑሯቸው ፒያሳ ነበር። ጠዋት ቂጣ የሚወስድላቸው ካፌ፣ በዱቤ የሚሰጣቸው ባለ ሱቅ፣ ደማቸውን የሚለካላቸው የጤና ጣቢያ ነርስ፣ ከሁሉም በላይ እድራቸው። ሰፈሩ ሲነሳ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ አልሄደም። ግማሹ በአንድ አቅጣጫ፣ ግማሹ በሌላ ተበተነ። የእድሩ ቤት ፈረሰ። ድንኳኑን አንድ አባል ወሰደው፤ ብረት ድስቱንና ወንበሩን ሌላ። ደብተሩ እኚህ እናት ዘንድ ቀረ፤ ምክንያቱም ለዓመታት ወርሃዊ መዋጮውን የሚሰበስቡት እሳቸው ነበሩ።

እድር ምን እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ ወጥ የሚሠራው፣ መቃብር የሚሸኘው፣ ሦስት ቀን ከሐዘንተኛው ጋር የሚቀመጠው ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን አባላቱ ጎረቤት ከሆኑ ነው። ጥሩንባ ሲነፋ መስማት አለባቸው።

ታዲያ የተበተኑት አባላት አንድ መላ ዘየዱ። ወር በገባ በ23፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ ከዛፍ ሥር እንገናኝ ተባባሉ። ለምን ጊዮርጊስ? አንድም አጥቢያቸው ስለሆነ፤ አንድም ባቡሩ ስለሚያደርሳቸው። ከቃሊቲ በኩል ያለውም፣ ልደታ ላይ ባቡር የሚቀይረውም፣ ሁሉም ምኒልክ አደባባይ ይወርዳል። ማንም ሳያቅደው ያ ጣቢያ የእድሩ ቤት ደጃፍ ሆነ። አሮጊቶቹ ከደረጃው አናት ላይ ቆመው ይጠባበቃሉ፤ ሲሞሉ አብረው ይሄዳሉ።

*

ችግሩ ባቡሩ ላይ ነው።

ሥራ ሲጀምር ለሁለቱ መስመር የመጡት ባቡሮች 41 ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማሽከርከሩንም ጥገናውንም የቻይና ባለሙያዎች ይመሩት ነበር፤ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችም አብረው ተማሩ። ከዚያ ሥራው ወደ አገር ልጆች ተላለፈ። ሙያው ተላለፈ፤ መለዋወጫው ግን አልተላለፈም። ጎማ፣ ብሬክ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ ሁሉም የሚመጣው በዶላር ነው። ባቡሩ የሚሰበስበው ደግሞ ብር ነው፤ ያውም ሳንቲም። ዶላር ሲጠፋ አንድ ባቡር ቆመ። ሌላው ሲበላሽ ከቆመው ዕቃ ተፈቶ ተገጠመለት። እንዲህ እየተባለ ከ41ዱ መካከል የሚንቀሳቀሱት ከግማሽ በታች የወረዱበት ጊዜ መጣ። በመሐልም መብራት ሲጠፋ ባቡሩ ባለበት ይቆማል።

የባቡር ቁጥር ሲቀንስ የሚታየው ፌርማታ ላይ ነው። በየጥቂት ደቂቃው ይመጣል የተባለው በግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይመጣል። ሲመጣም ሞልቶ ነው። ጉልበት ያለው ይገባል። ጉልበት የሌለው ቀጣዩን ይጠብቃል፤ ቀጣዩም ሞልቶ ይመጣል።

እኚህ እናት አንድ ቀን እንዲህ ሆኑ። የቀድሞ ጎረቤታቸው አረፉ። ግድግዳ ለግድግዳ ሠላሳ ዓመት የኖሩ፣ ሲወልዱ ገንፎ ያገነፉላቸው፣ ባላቸው ሲሞት አብረዋቸው ያደሩ ሴት ናቸው። ቀብሩ ከቀትር በኋላ በ8 ሰዓት ነበር። ስልክ ተደወለላቸው፤ ጠዋት በ4 ሰዓት ከቤት ወጡ። ታክሲ ይዘው ቃሊቲ ጣቢያ ደረሱ። ባቡር የለም። ሰልፉ እየረዘመ ሄደ። የመጀመሪያው መጣ፣ አልገቡም። ሁለተኛው መጣ፣ አልገቡም። ሚኒባስ ለመያዝ በየመሐሉ እየወረዱ መቀያየር አለባቸው፤ ጉልበታቸውም ኪሳቸውም አልቻለም። በመጨረሻ ከሦስተኛው ባቡር አንዲት ልጅ እጃቸውን ስባ አስገባቻቸው። ሰባተኛ ላይ ባቡሩ መብራት ጠፍቶ ቆመ። ከመሬት ወለል ደረጃውን ወጥተው ቀብሩ ሲደርሱ አፈሩ ተመልሷል፤ አበባው ተቀምጧል።

አላለቀሱም። ከመቃብሩ አጠገብ ቆመው ደብተሩን ከቦርሳቸው አወጡና በጎረቤታቸው ስም ትይዩ ምልክት አደረጉ። ከዚያ ለቤተሰቡ የሚሰጠውን ገንዘብ ቆጥረው ሰጡ።

«ይቅር በሉኝ» አሉ ለሟች ልጅ።

«ኧረ እትዬ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ። መንገዱ ነው።»

*

«መንገዱ ነው» የሚለው መልስ ደግነት አለው፤ ግን ትክክል አይደለም። መንገዱ በራሱ አይበላሽም። የሚያበላሸው ውሳኔ ነው፣ ወይም ውሳኔ ማጣት።

እዚህ አገር አንድ ነገር ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ቴሌቪዥን ይመጣል። ከአምስት ዓመት በኋላ የአንድ ባቡር ጎማ ሲቀየር ግን ማንም ሪባን አይቆርጥም። ለዚህም ይመስላል ለአዲስ ግንባታ ገንዘብ የሚገኘው፣ ለጥገና ግን «የውጭ ምንዛሪ እጥረት» የሚገኘው። ምሥራቅ ከምዕራብ፣ ሰሜን ከደቡብ የተዘረጋው ሐዲድ አለ። ዋሻው ተቆፍሯል። ብድሩም ይከፈላል፤ ባቡሩ ቆመም ሄደም ባንኩ ዕዳውን ይጠይቃል። ከባዱ ነገር አልቋል ማለት ነው። የጎደለው ቀላሉ ነው፤ የተሠራውን ማንቀሳቀስ።

«ትርፍ የለውም» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ትኬቱ ወጪውን አይሸፍንም። ግን የእግረኛ መንገዱ ላይ የተነጠፈው ድንጋይስ ትርፍ አለው? የመንገድ መብራቱስ? ማንም የእግረኛ መንገድን በትርፍ አይለካም። አገልግሎት ነው ተብሎ ይሠራል፤ ይጠገናል። ዓለም ላይ ያሉ አብዛኞቹ የከተማ ባቡሮችም በመንግሥት ድጎማ የሚሄዱ ናቸው። ባቡሩ ሲቆም ወጪው አይጠፋም፤ ወደ ድሃው ኪስ ይዛወራል እንጂ። ለሚኒባስ የሚጨመረው ብር፣ በሰልፍ የሚባክነው ሰዓት፣ ከደመወዝ የሚቆረጠው ማርፈጃ፣ ያመለጠ ቀብር፣ ይሄ ሁሉ ወጪ ነው። የሚመዘግበው ግን የለም።

ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ ጊዜው ነው። ከተማው ድሃውን ከመሐል ወደ ዳር ባዛወረበት ዓመት ባቡሩ ከምንጊዜውም በላይ አስፈላጊ ሆነ። ሰው ፒያሳ በእግሩ ሲሄድ ባቡር ባይመጣም ይኖራል። ቃሊቲ ማዶ ላለ ሰው ግን ባቡሩ የቤቱ አካል ነው፤ እንደ ጣሪያው፣ እንደ ውሃው። ቤት ሰጥቶ ባቡር መንሳት ግማሽ ቤት መስጠት ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ከባድ አይደለም። አንደኛ፣ ስንት ባቡር እንደሚሠራና ስንት እንደቆመ በየወሩ ለሕዝብ ይነገር። የውሃ ፈረቃ የሚነገረው ሕዝብ፣ የባቡሩንም ማወቅ ይችላል። ሁለተኛ፣ የመለዋወጫ በጀት ከአዲስ ፕሮጀክት በፊት ይያዝ፤ በዶላር። ሦስተኛ፣ አንድ መንደር ሲነሳ ቤት እንደሚቆጠረው ሁሉ መንገድም ይቆጠር። እነዚህ ሰዎች ሥራቸው የት ነው? ሐኪማቸው የት ነው? መቃብራቸው የት ነው? በምን ይሄዳሉ? አራተኛ፣ አብረው የኖሩ አብረው ይስፈሩ። እድር ያላቸው ሰዎች በዕጣ የሚበተኑ ቁጥሮች አይደሉም።

አቡነ ጴጥሮስን አንስቶ፣ አስቀምጦ፣ መልሶ ለማቆም የተቻለበት ከተማ ነው። ለሐውልት የተደረገው ጥንቃቄ ሐውልቱን ሲሳለም ለኖረ ሰውም ሊደረግ ይችላል።

*

ባለፈው በ23 እድሩ ከዛፉ ሥር ተሰበሰበ። የመጡት ጥቂት ነበሩ። አጀንዳው አንድ ነው፤ እድሩ ይቀጥል ወይስ ይፍረስና ገንዘቡ ይከፋፈል? ሰብሳቢው ሽማግሌ ፊት ለፊት ተናገሩ። ሰው ሲሞት ካልደረስን ምኑን እድር ሆንን አሉ። ሁሉም በየሰፈሩ አዲስ እድር ይግባ፤ ድንኳኑ ይሸጥ። አንዳንዶች ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኚህ እናት ደብተሩን ጭናቸው ላይ አድርገው ቆዩ። ከዚያ ስም ማንበብ ጀመሩ። ያልመጡትን። «እሷ ከሰሚት በኩል ናት፣ ባቡር አጥታ ነው፤ ደውላልኛለች። እሱ አሞታል። እነዚህ ባልና ሚስት መንገድ ላይ ናቸው።» አንድ በአንድ። የቀረ ሰው ሁሉ ምክንያት ነበረው፤ «አልፈልግም» ያለ ግን አልነበረም።

«እንግዲህ» አሉ አንብበው ሲጨርሱ፣ «ያልመጣ ሰው ሳለ ያፈርሳል ማነው?»

ሽማግሌው ዝም አሉ። ውሳኔው ለሚቀጥለው 23 ተላለፈ።

ከቀትር በኋላ አሮጊቶቹ ተደጋግፈው ወደ ጣቢያው ወረዱ። ከላይ የምኒልክ ፈረስ የፊት እግሮቹን አንስቶ ቆሟል፤ ከታች ወለሉ በሰው ሞልቷል። እኚህ እናት ጥግ ይዘው ተቀመጡና አጠገባቸው የቆመውን ጥበቃ ጠየቁት።

«ልጄ፣ ይመጣል?»

«ይመጣል እናቴ። ትንሽ ይጠብቁ።»

ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቀፉና ወደ ዋሻው አፍ መመልከት ጀመሩ።